የቆረጥኩት የአባቴ ድምፅ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ። ጠዋት 4፡30

ይህን ልጻፈው ወይስ ልተወው፣ አላውቅም። ዓመት ሙሉ ስጽፍብሽ፣ ደብተሬ፣ አንድ ነገር ደብቄሻለሁ።

ዛሬም እንደ ሁልጊዜው ከሻይ ቤቱ አሥራ አንድ ሻይ ይዤ ወደ ራዲዮ ጣቢያው። ሁለቱ ስኳር የሌላቸው። አንዱ ዝንጅብል የበዛበት፣ የጋሽ ማሞ። የሐሙሱን የውይይት ፕሮግራም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። አንቺንም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ያለፈበት አጀንዳ ስለሆንሽ ቀንሽ አይገጥምም፤ እየሰረዝኩ ነው የምጽፈው።

ኮሪደሩ ላይ ደርሻለሁ። ከድምፅ ክፍሉ አንድ ሽማግሌ በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ሲናገር ይሰማል። ከዚያ ሳል። ከሳሉ በኋላ ጉሮሮ መጥረግ፣ ሁለት ጊዜ። ቆምኩ። አባዬ ነው።

ሰላማዊት ቅዳሜ መቅጃዋን ይዛ ወደ ሺሺንዳ በኩል ወርዳ ነበር። ጋዜጠኛ ናት፣ የዚሁ የካፋ ልጅ። ለሐሙስ ስለ ድሮው ንቀት እንደምትሠራ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ስለ ማን ንቀት እንደሆነ ሲነገር እንዳልሰማ ሆኜ ብርጭቆዬን ሰብስቤ ወጣሁ። እኛ መንደር ትደርሳለች ብዬ አላሰብኩም።

እንግዲህ ልጻፈው። እኔ ማንጆ ነኝ።

ጻፍኩና በእጄ ከደንኩት። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም።

የእኛ ሰዎች የሌላውን ሰው ቤት አይገቡም ነበር። አጥር ላይ ቆመው ይጣራሉ። የሚጠጣ ከተሰጣቸው በኮባ ቅጠል ነው፣ ወይ ለብቻው አጥር ላይ በተሰቀለ ቅል። አሁን ቀርቷል ይላሉ። እኔ ግን እስከ 6ኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ብቻዬን ነው የተቀመጥኩት። ት/ቤቱ ቧንቧ ጋ ሁሉም ጠጥተው ሲጨርሱ ነበር ተራዬ። 7ኛን ጀምሬ ተውኩ።

እዚህ ሻይ ቤት ስቀጠር ባለቤቷ እትዬ ብርቱካን ጎሳሽ ማን ነው አሉኝ። የመምህሬን ጎሳ ጠራሁ። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነበር። ይኸው ዓመት ከአራት ወር። ሥራዬ ብርጭቆ ማጠብ ነው። የቢሮ ሠራተኛው፣ ባጃጅ ነጂው፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ ሁሉም እኔ ባጠብኩት ይጠጣል። አምና ገበያው አጠገብ አንዲት ሴትዮ ሠራተኛዋ ማን እንደሆነች ሲነገራት የቤቱን ዕቃ በሙሉ በአመድ አሳጠበች አሉ። ልጅቷን በዚያው ቀን ሸኘቻት። የት እንደገባች የሚያውቅ የለም።

አባዬ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ጆሮዬ ውስጥ ጩኸት ብቻ። ትሪውን ሳስቀምጥ ሁለቱ ተደፉ። ዳንኤል፣ የድምፅ ቴክኒሻኑ፣ ዛሬ ደግሞ ጠረጴዛውንም ሻይ ጋበዝሽው አለኝ። እሱ ይስቃል። እኔ ጨርቅ ፍለጋ ሮጥኩ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ሰላማዊት ትናንት ብርጭቆዋን ከትሪው አላነሣችም። ከእጄ ተቀበለች። በካፊኖኖ አመሰገነችኝ። ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር። ለምን?


ያው ማክሰኞ። 10 ሰዓት

ለአባዬ ደወልኩ። ስልኩ የሚሠራው ዳገቱ ላይ ሲወጣ ነው፤ እድሌ ሆኖ አነሣ። ደስ ብሎታል። እንዲህ ደስ ብሎት ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ሐሙስ ራዲዮ ክፈቺ አለ። ምን አልክ ስለው፣ አልነግርሽም፣ ስትሰሚው ይሻላል። ጎረቤቱ በሙሉ ሊሰበሰብ ነው። እነዚያም ይመጣሉ አለ። እነዚያ የሚላቸው ከወንዙ ማዶ ያሉትን ነው፣ ቡናቸውን እየለቀምን ውኃ በቅል የሚሰጡንን።

ስሜን ጠርቶ ይሆን? ልጠይቀው አልቻልኩም። መስመሩ ተቋረጠ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት።


ኅዳር 4፣ ረቡዕ። 9 ሰዓት

አደረግሁት። ያደረግሁትን በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ ነገ ለራሴም እዋሻለሁ።

ዳንኤል ከደብረ ብርሃን የመጣ ነው። ካፊኖኖ አይችልም። ሲቆርጥ ስክሪኑ ላይ ድምፁን እንደ ተራራ እንደ ሸለቆ ያየዋል እንጂ ቃሉን አያውቀውም። ስለዚህ በአጠገቡ ያለፈውን ሁሉ ይይዛል። እስቲ ስማልኝ፣ እዚህ ጋ ሐሳቡ አለቀ ወይ? አንድ ቀን ዘበኛውን ጠይቆ ዘበኛው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ነገርየው እስኪያልቅ አልነሣም አለ።

ዛሬ የተያዝኩት እኔ ነኝ። ሰላማዊት ለሌላ ሥራ ቢታ ገነት ሄዳለች። ስልኳ አይሠራም። ስለ አቆራረጡ ጽፋ ትታለት የሄደችው ወረቀት አጭር ነው። የሽማግሌው ንግግር ግን ረዝሞበታል፤ ከግማሽ በላይ መውጣት አለበት። ምሕረትዬ፣ አንድ ደቂቃ አለኝና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገው።

አባዬ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ከኋላው ዶሮ ይሰማል። የኛው ዶሮ።

ያለው ይህ ነው፣ ወደ አማርኛ ስመልሰው፦ «እኔ ልጅ ሆኜ የምንጠጣው በአጥር ነበር። አባቴም በአጥር። እስከ ዛሬ የእኛን ብርጭቆ የሚነካ የለም ይባላል። ውሸት ነው። ልጄ ምሕረት ቦንጋ ናት። እናንተው ራዲዮ አጠገብ፣ ሻይ ቤት። ብርጭቆውን የምታጥበው እሷ ናት። አለቃውም ጋዜጠኛውም ከእሷ እጅ ይጠጣል። ማን ሞተ? ማንም። ከእንግዲህ ብሞት አይቆጨኝም።»

ከዚህ በፊትና በኋላ ስለ ቡና፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ማር ብዙ አውርቷል። እዚያ ላይ መቁረጥ ይቻል ነበር። ይህን አውቃለሁ።

ዳንኤል ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ከየት እስከ የት? ከዚህ አልኩት። «ውሸት ነው» ከሚለው ፊት። እስከዚህ። ከ«ማንም» በኋላ። ሰውየው የተናገረውን እየደገመ ነው አልኩ። ምንም የለበትም አልኩ።

አንድ ቁልፍ ተጫነ። ተራራው ጠፋ። ሁለቱ ጫፎች ተጣበቁ። መውጣት ያለበትን ቀሪ ደግሞ ከቡናውና ከመንገዱ ወሬ ላይ ቆረጠ። እናመሰግናለን፣ አንቺ ባትኖሪ ዛሬ እዚሁ አድር ነበር አለኝ።

ወጥቼ አጥሩ ጋ ተቀመጥኩ። ስሜ አይነገርም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጻፊው፣ ደስ አለኝ።


ኅዳር 5፣ ሐሙስ። 6 ሰዓት

ተላለፈ።

ሻይ ቤቱ ሞልቷል። ራዲዮው መደርደሪያው ላይ ነው፣ ከስኳሩ ቆርቆሮ ጎን። እኔ ሳፋው ጋ ጎንበስ ብያለሁ።

አባዬ መጣ። የማደምጠው ስሜ ያለመኖሩን ብቻ ነበር። የለም። ግን የቀረውን ሰማሁት። እስከ ዛሬ የእኛን ብርጭቆ የሚነካ የለም ይባላል፤ ከእንግዲህ ብሞት አይቆጨኝም። ይኸው ነው። አባዬ እንደዚህ አላለም። በደስታ የተናገረው የለቅሶ ሆነ። ጋሽ ማሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንግዲህ አባታችን ተስፋ እንደቆረጡ ትሰማላችሁ አሉ። ሙዚቃ ገባ።

ከዚያ ባጃጅ ነጂው ተካ ጀመረ።

«እኔ ምንም ችግር የለብኝም፣ እጠጣለሁ። ችግሩ ቀድሜ ካወቅኩ ነው።»

ሳቁ። ጡረተኛው መምህር ጋሽ ወልዴ አልሳቁም። «የምትበላውን ሽሮ ማን እንደፈጨው ታውቃለህ?» አሉት።

«አላውቅም። ለዚህ እኮ ነው ቶሎ ቶሎ የምጎርሰው።»

«ሆድህን እንጂ ሰው አታውቅም አንተ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎስ? ልጅዎን ይድሩላቸዋል?»

ጋሽ ወልዴ ሻያቸውን አማሰሉ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። አሁንም ያማስላሉ።

እትዬ ብርቱካን ዝም በሉ፣ ልስማበት አሉ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ እናታቸው አጥር ላይ ቅል እንደነበራቸው ተናገሩ። ውኃውን ወደ ቅሉ የሚያፈስሱት እትዬ ነበሩ፤ እንዳይነኩ ከላይ፣ ከሩቅ። ግማሹ መሬት ይፈስ ነበር አሉ። ልጅ ነበርኩ አሉ። ይህን ሲሉ እጃቸው ላይ ያለውን ብርጭቆ ያዩታል። ቀና አድርገው ወደ ብርሃኑ ያዙት።

«ምሕረት፣ ይሄ በደንብ አልታጠበም።»

ተቀበልኳቸው። አጠብኩት። እንደገና አጠብኩት። ያውቃሉ? አያውቁም። ካወቁ ለምን በስሜ ይጠሩኛል?


ኅዳር 6፣ ዓርብ። ጠዋት 3 ሰዓት

አባዬ ደወለ። አልተቆጣኝም። እኔ እንደሆንኩ አያውቅም፤ እንዴት ያውቃል?

ሃያ ሰው ሰብስቦ ነበር። ከወንዙ ማዶም አምስት መጥተዋል። አሁን የልጄን ስም ትሰማላችሁ ብሎ ራዲዮውን ከፍ አድርጎ ግንዱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ያ ነገር ወጣ። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ጠበቁ። አንዱ፣ የታለች ልጅህ? አለው። ሌላው፣ ቦንጋ ሻይ የምታጠጣ ልጅ ሕልም ላይ ነው ያየሃት አለው። ሲሄዱ እየሳቁ ነበር።

ራዲዮው ቆረጠኝ ይላል አባዬ። አንድ ነገር ብቻ ነበር ልናገር የፈለግሁት፣ እሱኑ መርጠው ቆረጡት። ድምፁ ውስጥ ሳሉ ብቻ አለ። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይመጣል። ራዲዮ ጣቢያ ገብቶ ማን እንደቆረጠው ይጠይቃል። ከዚያ አንቺ ዘንድ መጥቼ ሻይ እጠጣለሁ አለ። እነሱ አላመኑም፤ እኔ ግን አይቼ ልመለስ።

አትምጣ ማለት ነበረብኝ። እሺ አባዬ አልኩ።


ዓርብ። 7 ሰዓት ተኩል

ቶሎ ቶሎ ልጻፍ፣ እትዬ ይጠሩኛል።

ሰላማዊት ከቢታ ገነት ተመልሳለች። ፕሮግራሙን መንገድ ላይ ሰምታው ኖሯል። ሻይ ሳደርስ ጓሮ፣ የውኃ ሮቶው ጋ ወሰደችኝ። ታውቃለች። ከቅዳሜ ጀምሮ ታውቃለች። አባዬን ቡና ሲለቅም አግኝታው ቤት ድረስ አብራው ሄዳለች። ስለ እኔ ሲነግራት፣ ልጅዎ ይህ እንዲነገር ተስማምታለች ወይ ብላዋለች። እሱም አዎ አለ። ፊቴን ስታይ ነው መሰል፣ አልጠየቀሽም አይደል? አለችኝ። አንቺኑ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ይሄ የኔ ጥፋት ነው። ይህን ስትል ዓይኗን መሬት ላይ አደረገች። ሰኞ ከእጄ ተቀብላ የጠጣችው እያወቀች ነው። ይህን አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ። ያኔ የሰማሁት «ታውቃለች» የሚለውን ብቻ ነው። ሮቶውን ያዝኩ።

ከዚያ ስለ ዳንኤል ተናገረች። የፕሮግራሙን ልብ አወጣው አለች። ከዚያ ሁሉ ወሬ መሐል ያቺን መርጦ ማውጣት በአጋጣሚ አይሆንም፣ ንቀት ነው። ለሥራ አስኪያጁ ጽፋለች። ሰኞ ስብሰባ አለ። ሰው የሚንቅ ሰው እዚህ ቤት መሥራት የለበትም አለች። ለእኔ ብላ ነው የተቆጣችው። ለእኔና ለአባዬ።

አፌን ከፈትኩ። ሻይሽ ይቀዘቅዛል አልኳት።

ውስጥ ስገባ ሥራ አስኪያጁና ጋሽ ማሞ ዳንኤልን ይዘውታል። ማን ነው የተረጎመልህ? ማንን ጠየቅህ? ትሪዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ዳንኤል አየኝ። የተቆረጠው ምን እንደሆነ አሁን ነግረውታል፣ የሽማግሌው ልጅ እኔ እንደሆንኩ እሱም ገብቶታል። ቋንቋውን አላውቅም፣ በግምት ቆረጥኩ አለ። ማንንም አልጠየቅሁም።

ጋሽ ማሞ አላመኑትም። ሁልጊዜ ሰው እንደሚጠይቅ ሁሉም ያውቃል። ዘበኛው ሳይቀር በመስኮት፣ ምነው እኔን ብትጠራኝ ኖሮ አለው። አንድ ሰው ሳቀ። ዳንኤል አልሳቀም።

የውል ሠራተኛ ነው። ሴት ልጁ ገና ሦስት ወሯ ነው። ፎቶዋን አሳይቶኛል፣ ኮፍያዋ ዓይኗን ሸፍኖት።

ብርጭቆውን ሰጠሁት። ቁጣ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ታች ጠጣው። ባዶውን ትሪዬ ላይ መለሰና ቀስ ብሎ፣ አይዞሽ አለኝ።


ዓርብ። 11 ሰዓት

እንዲህ አሰብኩ። ልብሴን በፌስታል አድርጌ፣ ነገ ሳይነጋ ወደ ጅማ በሚሄደው መኪና። ጅማ ማንም አያውቀኝም። እዚያም ብርጭቆ አለ። ፌስታሉን ሞላሁት። ሁለት ቀሚስ፣ ጫማ፣ አንቺ።

ከዚያ አባዬን አሰብኩ። ከሚኒባስ ወርዶ፣ በዚያች ባርኔጣው፣ እየጠየቀ ሲመጣ። እትዬ በሩ ላይ። ልጄን ፈልጌ ነው ሲል። የት እንደሄደች አናውቅም ሲሉት። ወደ መንደር ሲመለስ፣ እነዚያ እንደገና የታለች ሲሉት። በራዲዮ አንድ ጊዜ ቆረጥኩት። በመኪና ሁለተኛ ልቆርጠው ነው።

ፌስታሉን ፈታሁት።

እፈራለሁ፣ ደብተሬ። እትዬ ነገ ቢያስወጡኝ የማድርበት የለኝም። ተካ በባጃጁ እየዞረ ለከተማው ሁሉ ይነግራል። ምናልባት ብርጭቆዎቹን በአመድ ያሳጥባሉ፤ ያንን ቆሜ ማየት አልችልም። ሰላማዊትም ለእኔ ብላ የጻፈችውን ደብዳቤ እኔ ማፍረሴን ስታውቅ እንዴት እንደምታየኝ አላውቅም።

ግን ወስኛለሁ። እንዳልለውጠው ጻፍኩት።

ነገ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ሄጄ አባዬን እቀበላለሁ። ጥያቄውን ለራዲዮ ጣቢያው ከማቅረቡ በፊት መንገድ ላይ እነግረዋለሁ። የቆረጥኩህ እኔ ነኝ እለዋለሁ። ምን እንደሚል አላውቅም። ምናልባት ይስላል። ከዚያ ሻይ ቤት በፊት ለፊቱ በር ይዤው እገባለሁ፤ በጓሮ አይደለም። እትዬ ብርቱካንን፣ አባቴ ነው፣ ያኔ የነገርኩዎት ጎሳ ውሸት ነው፣ እኛ ማንጆ ነን እላቸዋለሁ። ሻይ ከመቅዳቴ በፊት። ከቀዳሁ በኋላ ከሆነ ማታለል ነው።

ከዚያ ትሪዬን ይዤ ራዲዮ ጣቢያ። የቅዳሜው የአድማጮች ሰዓት የሚጀምረው አራት ሰዓት ላይ ነው። ከመጀመሩ በፊት ለሥራ አስኪያጁ፣ ለሰላማዊት፣ ለጋሽ ማሞ፣ ዳንኤልን ከዚህ እስከዚህ ቁረጥ ያልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ዋሽቼዋለሁ። ድምፄ ካልወጣ ይህን ገጽ አሳያቸዋለሁ። ጋሽ ማሞ ያቺን የተቆረጠችውን ድጋሚ እናሰማት ካሉ፣ ስሜ ካለበት ጋር ይሁን እላለሁ። ማይክ ፊት ተናገሪ ካሉኝ ግን፣ እሱን አላውቅም። አባዬ አጠገቤ ከተቀመጠ ምናልባት።

የዛሬውን ብርጭቆ አጥቤ ጨርሻለሁ። ለአባዬ አንዱን መርጬ ነበር፣ ጠርዙ ያልተሸረፈውን፤ በደንብ አሽቼ ለብቻው መደርደሪያው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። ለክብሩ ብዬ ነበር። ቆሜ አየሁት። ለብቻው።

አንሥቼ ከሌሎቹ መሐል ቀላቀልኩት። አሁን የትኛው እንደነበር እኔም አልለየውም። ነገ እጄ ላይ በመጣው እቀዳለታለሁ።